የማይንቀሳቀስ ንብረት መሠረታዊ ቃላትና የባለቤትነት መብቶች፦ በወሎ ለብቃት ፈተና ለሚዘጋጁ ደረጃ በደረጃ

በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ «ቦታ ገዛሁ» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። በሕግ ፊት ግን ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ መሬት የሸጠም የገዛም የለም። የተሸጠው በመሬቱ ላይ ያረፈው ቤት ነው፤ ወይም በሊዝ የተገኘ የመጠቀም መብት ነው፤ አለዚያም ገንዘብ ተቆጥሮበት በሕግ ምንም ያልተላለፈበት ተራ ወረቀት ነው። በደላላነት፣ በንብረት ገማችነት ወይም በቤት ሽያጭ ሥራ ለመሰማራት የሚዘጋጅ ሰው እነዚህን ሦስቱን መለየት ካልቻለ፣ ፈተናውን በሽምደዳ ቢያልፍ እንኳ ነገ የሰው ጥሪት ያጠፋል።

ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው የመለማመጃ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር መጻሕፍት የተቀዳ ነው። እዚያ መሬት የግል ሀብት ስለሆነ ትርጓሜው ሁሉ ከዚያ ይነሣል፤ እዚህ ግን መነሻው ሌላ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን በአንድ ማዕቀፍ የሚያስተዳድር አዋጅ ጸድቋል፤ ሙያው ሥርዓት እየያዘ ነው። ስለዚህ ቃሉን ከአገራችን ሕግ ጋር አያይዛችሁ አጥኑ። አንድ ደብተር ያዙና በየገጹ አናት ላይ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጻፉ፦ ንብረቱ ምንድን ነው? ያረፈው በምን ዓይነት ይዞታ ላይ ነው? የሚተላለፈው የትኛው መብት ነው? የማስተላለፍ ሥልጣን ያለው ማን ነው? ምን ዕዳ ወይም ገደብ አለበት? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ።

1ኛ ደረጃ፦ ንብረቱን ለዩ

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ንብረትን ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ብሎ ይከፍላል። በአንቀጽ 1130 መሠረት መሬትና ሕንፃ የማይንቀሳቀሱ ናቸው። ይህን የማያውቅ የለም፤ ፈታኙ የሚጠይቀው በመካከል ያለውን ነው። አንድ ነገር ሳይፈርስ ወይም ሳይበላሽ ከሕንፃው ሊነቀል የማይችል ከሆነ የሕንፃው አካል ነው፤ በልማድ እንደ አካሉ የሚቆጠረውም እንዲሁ።

ሐይቅ ከተማ አንድ የወፍጮ ቤት ይሸጣል እንበል። ግድግዳው፣ ጣሪያው፣ በሩና የተቀበረው የውሃ ቧንቧ የቤቱ አካል ስለሆኑ አብረው ይሄዳሉ። ግቢው ውስጥ የተከመረው ያልተመታ ቆርቆሮ ተንቀሳቃሽ ነው፤ ሻጩ ይዞት ይሄዳል። ወፍጮው ራሱ በኮንክሪት ላይ በብሎን ታስሯል፤ ጠቡ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ጥሩ ባለሙያ እስከ ፍርድ ቤት አያደርሰውም፤ ከውሉ ጋር ዝርዝር ያያይዛል፦ ወፍጮ፣ ሞተር፣ የውሃ ታንከር፣ የመብራት ቆጣሪ፣ እያንዳንዱ ይካተት አይካተት ተብሎ ይጻፋል።

ሰብልና ዛፍም በፈተና ይመጣሉ። በቆቦ ሜዳ የቆመ ማሽላ እስካልታጨደ ድረስ የመሬቱ አካል ነው። ታጭዶ እንዲወሰድ ውል ከተደረገበት ግን ለውሉ ዓላማ እንደ ተንቀሳቃሽ ንብረት ይቆጠራል። የባሕር ዛፍ ሽያጭም በዚሁ መንገድ ይታያል፤ ግንዱን የገዛ ሰው መሬቱን አልገዛም።

2ኛ ደረጃ፦ ይዞታውን ለዩ

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ደረጃ ይሁን። አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከ1967 በፊት በወሎ ርስት፣ ጉልት፣ ማደሪያ (ለአገልግሎት በደመወዝ ፈንታ የሚሰጥ መሬት) እና የሰሞን (የቤተ ክርስቲያን) መሬት ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ርስት በዘር ሐረግ የሚወረስ የመሬት መብት ሲሆን፣ ጉልት ከመሬቱ ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት ነበር፤ አንዱ መሬት የአንዱ ርስት፣ የሌላው ጉልት ሊሆን ይችል ነበር። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት፣ አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥትና ሕዝብ አዞሩ። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል ዛሬም በሽምግልና ሸንጎ ይነሣል። አባቶችን በአክብሮት አዳምጡ፤ ስለ ወሰኑና ስለ ትውልዱ የሚያውቁት ብዙ ነው። የሽያጭ ማስረጃ ግን ከዚያ አይወጣም።

አሁን ያለው መሠረት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ደግሞ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት አለው፦ ይሸጣል፣ ይለውጣል፣ ያወርሳል። በደብተራችሁ ላይ ሦስት መስመር አስምሩ፦ ከታች መሬቱ፣ ከመካከል በመሬቱ የመጠቀም መብት፣ ከላይ ቤቱ። የታችኛው መስመር ምንጊዜም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የመካከለኛው እንደ ይዞታው ዓይነት ይለያያል። የላይኛው የግለሰብ ባለቤትነት ነው። የሚቀርብላችሁን ጥያቄ ሁሉ በእነዚህ መስመሮች ላይ አስቀምጡት።

በከተማ የምታገኟቸው የይዞታ ዓይነቶች እነዚህ ናቸው።

ነባር ይዞታ የሚባለው ከተማው ወደ ሊዝ ሥርዓት ከመግባቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ነው። በደሴ ፒያሳ፣ በአራዳና በሸዋ በር ዕድሜ ጠገብ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ይህን ደጋግማችሁ ታገኙታላችሁ። እጅግ አስፈላጊው ነጥብ ይህ ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 አንቀጽ 6 መሠረት በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው። ልጅ ከአባቱ ሲወርስ ነባርነቱ ይቀጥላል፤ ጎረቤት ሲገዛ ግን ሊዝ ውስጥ ይገባል። ይህን ሳይሰማ የገዛ ሰው ስም ሊያዛውር ሲሄድ ያላሰበው ክፍያ ይጠብቀዋል።

የሊዝ ይዞታ ቦታን ለተወሰነ ዘመን በውል መያዝ ነው። በዚሁ አዋጅ ዘመኑ ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት 99፣ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት ሲሆን፣ ለከተማ ግብርና በየትኛውም ከተማ 15 ዓመት ነው። የአዲስ አበባው ቁጥር ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ነው፤ የመለማመጃ ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ ምሳሌ ስለሚጻፉ የደሴ ተፈታኝ ሁለቱን እንዳያምታታ። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ያነሰ አይሆንም። በስሌት እንየው፦ 200 ካሬ ሜትር ቦታ በካሬ 3,000 ብር ቢያዝ ጠቅላላው 600,000 ብር ነው፤ ቢያንስ 60,000 ብር በቅድሚያ ይከፈላል፤ ቀሪው 540,000 ብር በውሉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ በየዓመቱ ይከፈላል። ስለዚህ የሊዝ ቤት ሲሸጥ «ስንት ዓመት ቀረው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ያልተከፈለ የሊዝ ገንዘብ ቀረው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሊዝ መብትን በመያዣነት ማስያዝ የሚቻለውም በተከፈለው ገንዘብ ልክ ነው። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ በታች ሆኖ የሚደረግ ዝውውር ልዩ ሥርዓት አለው፤ ባዶ ቦታ ይዞ በማትረፍ እንዳይነገድበት የተደረገ ነው።

የቀበሌ ቤት የመንግሥት ነው። ነዋሪው ተከራይ ነው፤ አርባ ዓመት ቢኖርበትም፣ ወጥ ቤት ቢጨምርበትም የሚሸጠው ባለቤትነት የለውም። «የቀበሌ ቤት በጥሩ ዋጋ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ራቁ።

የጋራ ሕንፃ ቤት፣ ማለትም ኮንዶሚኒየም፣ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 ይተዳደራል። ባለቤቱ የቤቱ ሙሉ ባለቤት ሲሆን፣ በደረጃው፣ በጣሪያው፣ በግቢውና በመተላለፊያው ላይ ከሌሎቹ ጋር ድርሻ አለው። ድርሻው ከቤቱ ተነጥሎ አይሸጥም።

የገጠር ይዞታ ፈጽሞ ሌላ ነው። በአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 252/2009፣ በፌዴራል ደረጃ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ይመለከቱታል። አርሶ አደሩ መሬቱን በነፃ ያገኛል፤ ማስረጃውም አረንጓዴው ደብተር ነው። ይጠቀማል፣ ያከራያል፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ያወርሳል፣ በስጦታ ያስተላልፋል፤ አይሸጥም። በየአገሩ የሚታወቀው ወለድ አገድ፣ ማለትም ገንዘብ ተበድሮ መሬቱን ለአበዳሪው ሰጥቶ ምርቱ እንደ ወለድ እንዲታሰብ ማድረግ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ከአንቀጽ 3117 ጀምሮ ስም አለው። ሽያጭ አይደለም። ገንዘቡ ሲመለስ መሬቱ ይመለሳል። «የማይመለስ ወለድ አገድ» ብሎ የሚጻፍ ውል ካያችሁ፣ ሽያጭን በሌላ ስም የሸፈነ መሆኑን ዕወቁ።

በደሴና በኮምቦልቻ ዳርቻ፣ ከተማው ወደ ገጠር ቀበሌዎች እየሰፋ በሚሄድበት ሁሉ፣ የአርሶ አደር ማሳ በካሬ እየተቆራረጠ ሲሸጥ ይታያል። በሌሊት ግድግዳው ቆሞ በማግሥቱ ሰው የሚገባበት የጨረቃ ቤት የሚወለደው እንዲህ ነው። ገዢው ብዙ ጊዜ ከዓረብ አገር ዓመታት ሠርታ ገንዘቧን የላከች ልጅ ናት። ሻጩ መሬት የለውም ማለት አይደለም፤ የሚሸጥ መሬት ግን የለውም። እንዲህ ያለውን ግብይት «ሁሉም ያደርገዋል» ተብሎ እንዳታገናኙ፤ ቤቱ ሲፈርስ ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት አይኖርም።

3ኛ ደረጃ፦ መብቱን ፈርጁ

ባለቤትነት በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1204 በግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር የሚችለው ከሁሉም የሰፋ መብት ነው። ውስጡ ሦስት ነገር አለ፦ መገልገል፣ ፍሬውን መሰብሰብ፣ ማስተላለፍ። ቤቱ ውስጥ መኖር መገልገል ነው፤ ኪራይ መቀበል ፍሬ መሰብሰብ ነው፤ መሸጥ፣ መስጠት፣ ማውረስ ማስተላለፍ ነው። የቀሩት መብቶች ሁሉ ከእነዚህ የተቆረጡ ናቸው፤ በዚህ መንገድ ካጠናችኋቸው ለማስታወስ አይከብዱም።

አላባ፣ መገልገልና ፍሬ መሰብሰብ ለአንዱ ሲሰጥ ባለቤትነቱ በሌላው እጅ የሚቀርበት ነው። አባት ሰኞ ገበያ ያለውን ሱቁን ለልጁ ሰጥቶ «እናትህ በሕይወት እስካለች ኪራዩን ትብላ» ካለ፣ እናት ባለ አላባ ናት፤ ልጁ ባለቤት ነው። ልጁ ቢሸጠው እንኳ ገዢው የእናትን መብት ተሸክሞ ይገዛል።

የንብረት አገልግሎት አንዱ ንብረት ለሌላው የሚሸከመው ግዴታ ነው። በጦሳ ተራራ ሥር በደረጃ በደረጃ በተሠሩት ሰፈሮች ይህ በየቀኑ ይታያል፤ የላይኛው ቤት መውጫ በታችኛው ግቢ ያልፋል፤ የክረምቱ ጎርፍ መፍሰሻ በጎረቤት በኩል ይወርዳል። አገልግሎቱ ከሰው ጋር ሳይሆን ከቦታው ጋር ስለሚሄድ ባለቤቱ ቢለወጥም ይቀጥላል። ቤት ስታሳዩ በእግራችሁ ዙሩ፤ የማን መንገድ በየት እንደሚያልፍ ተመልከቱ።

የጋራ ባለቤትነት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ንብረት ላይ ድርሻ ሲኖራቸው ነው። ሁሉም ካልተስማሙ ሙሉው ንብረት አይሸጥም። አንዱ ድርሻውን ለውጭ ሰው ሲሸጥ ደግሞ ሌሎቹ ያንን ድርሻ በቅድሚያ የመውሰድ መብት አላቸው።

መያዣ ለዕዳ ዋስትና የሚሰጥ መብት ሲሆን፣ ቤቱ በባለቤቱ እጅ እንዳለ ባንኩ ዕዳው ካልተከፈለ ከሽያጩ በቅድሚያ እንዲከፈለው ያደርጋል። መያዣ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት፤ ምዝገባው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ለ10 ዓመት ያገለግላል፣ ሊታደስም ይችላል። ቤቱ በሦስተኛ ሰው እጅ ቢገባም መያዣው ይከተለዋል።

ኪራይ ከሁሉም የጠበበ ነው፤ ተከራይ መገልገልን ብቻ ለጊዜው ይገዛል።

4ኛ ደረጃ፦ ወረቀቱን አንብቡ

የባለይዞታነት ማረጋገጫው፣ በተለምዶ ካርታ የሚባለው፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1195 መሠረት ስሙ የተጻፈበት ሰው ባለቤት ነው የሚል ግምት ያስወስዳል። ግምት ነው፤ ሊፈርስ ይችላል። ካርታው ከሕግ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል ተሰጥቶ ከሆነ፣ ወይም የተመሠረተበት ውል ፈራሽ ከሆነ፣ ተቃራኒ ማስረጃ ይቀርብበታል። «ካርታ አለኝ» የሚለው ቃል ምርመራውን አይጨርሰውም።

ካርታ ስትይዙ በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡ። በመጀመሪያ ስሙን እስከ አያት ከመታወቂያው ጋር አመሳክሩ። ቀጥሎ የይዞታውን ዓይነት፣ ነባር ወይስ ሊዝ የሚለውን እዩ። ከዚያ አገልግሎቱን፦ ለመኖሪያ የተሰጠ ቦታ ላይ ሆቴል ከተሠራ ችግር አለ። ስፋቱን በሜትር ለክታችሁ ከተጻፈው ጋር አስተያዩ፤ አዋሳኞቹን በአራቱም አቅጣጫ በዓይናችሁ አረጋግጡ። የግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለው የፎቅ ብዛት ከቆመው ሕንፃ ጋር መግጠም አለበት።

ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ከተማው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ክፍል ሂዱ። አዋጅ ቁጥር 818/2006 የከተማ ይዞታ በካዳስተር እንዲመዘገብ ያደርጋል፤ እያንዳንዱ ቁራሽ የራሱ መለያ ቁጥር፣ ካርታና የመብት መዝገብ እንዲኖረው ማለት ነው። ባለቤቱ ራሱ ባለበት የዕዳና እገዳ ማረጋገጫ ይጠየቅ። ዕዳ የባንክ መያዣ ወይም ያልተከፈለ ግብር ሊሆን ይችላል፤ እገዳ ደግሞ በክርክር ምክንያት ንብረቱ እንዳይተላለፍ የተሰጠ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው።

በወሎ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ወልድያ፣ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰበት ወቅት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። ባለቤቱ እጅ ያለው ካርታ ትክክል ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ ያለው ፋይል ጎድሎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ፋይሉ በመዝገብ ቤት አለ ወይ?» ብላችሁ ከሽያጩ በፊት አስጠይቁ፤ ከጎደለ ሻጩ አስቀድሞ ያስተካክል።

5ኛ ደረጃ፦ ሻጩ ሥልጣን እንዳለው አረጋግጡ

በካርታው ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ መኖሩ የአንድ ሰው ንብረት ነው ማለት አይደለም። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው፤ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት የሚሸጠው ባልና ሚስት ሁለቱም ሲስማሙ ነው። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው፤ አንብቡት። «ሚስቴ ታውቃለች» የሚል ሻጭ ሚስቱን ይዞ ይምጣ። ያላገባ ወይም የተፋታ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያቅርብ።

ሟች ካለ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ የሚኖርበት አገር ስለሆነ ማረጋገጫው ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወይም ከሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊመጣ ይችላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት የሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚዳኘው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ልዩነቱ በድርሻ ላይ ይታያል፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያለ ኑዛዜ ሲወረስ ልጆች እኩል ይካፈላሉ፣ በሸሪዓ ደግሞ ወንድ ልጅ የሴት ልጅን እጥፍ ያገኛል፤ ሚስትም ወራሽ ናት፣ ልጆች ካሉ አንድ ስምንተኛ ትወስዳለች። ማረጋገጫውን ስታነቡ የሰጠውን ፍርድ ቤትና የእያንዳንዱን ድርሻ ጻፉ። ከወራሾቹ መካከል ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ ሞግዚቱ ብቻውን መሸጥ አይችልም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ውክልና ሌላው ሰፊ በር ነው። ከወሎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች ዓረብ አገሮች የሄደው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ፣ ወንድም ለእህቱ፣ አጎት ለእህቱ ልጅ ወኪል ሆኖ ይገዛል፣ ይሸጣል። ሕጉ ጠንካራ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ንብረቴን ሁሉ ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለመሸጥ አይበቃም። ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ወካዩ በሕይወት መኖሩን በስልክ ሳይሆን በማስረጃ አረጋግጡ። ለግዢ ሲሆን ደግሞ ውሉ በማን ስም እንደሚጻፍ በግልጽ ተናገሩ። ገንዘቧን ከጅዳ ለላከች እህት ከሁሉም የሚበልጠው ጥበቃ ካርታው በስሟ መውጣቱ ነው። ወኪሉ ቅር እንዳይለው ብላችሁ ይህን ከመናገር አትቆጠቡ።

6ኛ ደረጃ፦ ውሉንና ቀብዱን አስተካክሉ

በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። በአንቀጽ 1185 ደግሞ ባለቤትነት የሚተላለፈው በመዝገብ ሲጻፍ ነው። ውል መፈረምና ባለቤት መሆን ሁለት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ በመካከል ያለው ጊዜ አደገኛው ነው። ስም እስኪዛወር ድረስ ከዋጋው የተወሰነው ክፍል በባንክ በዝግ እንዲቆይ ብታደርጉ ሁለቱንም ወገን ትጠቅማላችሁ።

ቀብድ በቀላሉ አይታይ። በአንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 100,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ቢለውጥ 200,000 ብር ይመልሳል። ቅድመ ክፍያ ግን ከዋጋው ላይ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ወይም «ቅድመ ክፍያ» የሚለው በትክክል ይጻፍ።

ክፍያዎቹን በተመለከተ የቴምብር ቀረጥ፣ የስም ማዛወሪያ አገልግሎት ክፍያና ሻጩ ካገኘው ጥቅም ላይ የሚከፍለው ግብር አለ። የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጅ በማይንቀሳቀስ ንብረት ጥቅም ላይ 15 በመቶ ጥሏል። ግብር ለማሳነስ በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ ወንጀል ከመሆኑም በላይ፣ ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚጠይቀው የተጻፈውን ብቻ ይሆናል።

7ኛ ደረጃ፦ የመንግሥትን ሥልጣን አትርሱ

ባለቤትነት ሰፊ ቢሆንም አራት የመንግሥት ሥልጣኖች ከላዩ አሉ። አንደኛው ለሕዝብ ጥቅም ማስለቀቅ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ማስለቀቅን፣ ካሳንና መልሶ ማቋቋምን ይደነግጋል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመርና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያረፉበትን መሬት አስቡ። ካሳ ለቤቱና በመሬቱ ላይ ላለው ንብረት ነው፤ መሬቱ የግል ስላልሆነ እንደተሸጠ ተቆጥሮ ዋጋ አይከፈልበትም። ሁለተኛው ግብር ነው። ሦስተኛው የፕላንና የግንባታ ቁጥጥር ነው፤ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት በተመዘገቡት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ቤት ያለው ሰው እንደፈለገ ፎቅ አይጨምርም። አራተኛው ወራሽ የሌለው ንብረት ለመንግሥት መሆኑ ነው።

8ኛ ደረጃ፦ ዋጋውን ገምቱ

ዋጋና ግምት ይለያያሉ። ዋጋ ሻጭና ገዢ የተስማሙበት ነው፤ ግምት ባለሙያ በማስረጃ የደረሰበት ነው፤ ካሳ ደግሞ ሕግ ባስቀመጠው ስሌት የሚወጣ ነው። ግምት በሦስት መንገድ ይሠራል።

የንጽጽር ዘዴ በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ያስተያያል። በደሴ ስታነጻጽሩ ተዳፋትን ከቁም ነገር ቁጠሩት፦ የመሬት መንሸራተት የሚታይበት ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቤትና አስፋልት ዳር በደልዳላ ቦታ የቆመ ቤት በካሬ ቢመሳሰሉም አይተካከሉም። መደገፊያ ግንቡን፣ የጎርፍ መውረጃውንና የቦርከናን ወንዝ ቅርበት እዩ።

የወጪ ዘዴ ዛሬ አዲስ ለመሥራት የሚፈጀውን ያሰላና እርጅናን ይቀንሳል። ቤቱን እንደገና ለመሥራት 2,000,000 ብር ይፈጅ፣ የአገልግሎት ዘመኑ 50 ዓመት ይሁን፣ 15 ዓመት ያገለገለ ይሁን፤ እርጅናው 30 በመቶ፣ ማለትም 600,000 ብር ስለሆነ 1,400,000 ብር ይቀራል።

የገቢ ዘዴ ለሱቅና ለሚከራይ ቤት ይስማማል። ወርኃዊ ኪራይ 20,000 ብር ከሆነ በዓመት 240,000 ነው፤ ለጥገና፣ ለግብርና ለባዶ ወራት 60,000 ሲቀነስ 180,000 ይተርፋል። ገበያው 12 በመቶ የሚጠብቅ ከሆነ 180,000 ለ0.12 ሲካፈል 1,500,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ቤት በተለያዩ ዘዴዎች የተገኙ ውጤቶች የተራራቁ ሲሆኑ አማካይ መውሰድ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ለምን እንደተራራቁ መርምሩና የትኛው ማስረጃ እንደሚያመዝን ጻፉ።

9ኛ ደረጃ፦ በአንድ ጉዳይ ተለማመዱ

በደሴ ሆጤ አካባቢ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት አለ። ካርታው በሟቹ አባት ስም ነው፤ ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተሠራ ነው፤ ኑዛዜ የለም። እናት በሕይወት አሉ። ልጆቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ እዚህ ናቸው፣ አንዷ ጅዳ ናት፤ ለታላቅ ወንድሟ ጠቅላላ ውክልና ልካለታለች። ቤቱ ለባንክ ብድር ተይዟል። ታላቁ ልጅ «ገዢ ፈልጉልኝ» ብሎ መጣ። መልሱን ሳታዩ በአምስቱ ጥያቄዎች በደብተራችሁ ሥሩት።

መልሱ እንዲህ ነው። የቤቱ ግማሽ የእናት የጋራ ንብረት ድርሻ ነው፤ ቀሪው ግማሽ የውርስ ንብረት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሦስቱ ልጆች እኩል ስለሚካፈሉ እያንዳንዱ ከሙሉው ቤት አንድ ስድስተኛ አለው፤ ጉዳዩ በፈቃዳቸው ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄደ ድርሻው ይለወጣል። ስለዚህ ሻጮቹ አራት ናቸው፤ ታላቁ ልጅ ብቻውን ሻጭ አይደለም። በመጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ይወጣል። የጅዳዋ እህት ይህን ቤት ለመሸጥ ተብሎ የተጻፈ ልዩ ውክልና ትልካለች። የባንኩ ዕዳ መጠን በጽሑፍ ይጠየቅና ከዋጋው ላይ በቀጥታ ለባንኩ ተከፍሎ መያዣው ይሰረዛል። ወራሾቹ ስማቸውን ሲያዞሩ ይዞታው ነባር እንደሆነ ይቆያል፤ ገዢው ግን በግዢ ስለሚያገኘው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው፤ ይህንንና ተያያዥ ክፍያውን ቀብድ ከመቁጠሩ በፊት ንገሩት።